የመጽሐፍን ምልክት አይቶ ስለ ማንበብ
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና መጽሐፍ ለሚያውቁ የአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ

በገጠር የሚያስተምር መምህር ሁሉ ይህን አይቷል። ለአንድ ልጅ የጤና አጠባበቅ ወይም የምድር ትምህርት መጽሐፍ ሰጥቶ «አንብብ» ቢለው፥ ልጁ በገጹ ላይ ያገኘውን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ ሳያርፍ ይወርዳል። ድምፁ ያማረ ነው፤ ፊደልም አይስትም። ነገር ግን ከጨረሰ በኋላ «ይህ ገጽ የሚናገረው ስለ ምንድር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ዝም ይላል፤ ወይም የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር መልሶ ይናገራል። በገጹ ራስ በትልቁ የተጻፈውን አርእስት ዐይኑ አላረፈበትም፤ ከሥዕሉ በታች ያለችውን አጭር ቃል አላነበባትም፤ ሰንጠረዡንም እንደ ጌጥ ቈጥሮ ዘሎታል።

ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። ንባብን የተማረበት መንገድ እንዲህ አድርጎታል። ዳዊት የሚደግም ሰው ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሮ በተራው ይወርዳል እንጂ ከመካከል አይመርጥም፤ ለጸሎትም የሚገባው ይህ ነው። ተረትም ከመጀመሪያው ካልተያዘ አይጣፍጥም። የዕውቀት መጽሐፍ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ እርሱ የሚጠየቅ ሽማግሌን ይመስላል። ወደ ሽማግሌ የሚሄድ ሰው ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል፤ ሽማግሌውም የሚያውቀውን ሁሉ ከልደቱ ጀምሮ አይተርክለትም፤ ለጥያቄው መልስ ይሰጠዋል። መጽሐፍ ግን አፍ ስለሌለው መልሱ ወዴት እንዳለ የሚናገረው በምልክት ነው። እነዚህም ምልክቶች አርእስት፥ ንኡስ አርእስት፥ ማውጫ፥ የገጽ ቍጥር፥ ጎላ ብሎ የተጻፈ ቃል፥ የሥዕል መግለጫ፥ ሰንጠረዥ፥ ካርታ፥ የግርጌ ማስታወሻና የቃላት መፍቻ ናቸው። ልጅ እነዚህን ማየትና መጠቀም እንዴት እንደሚማር በዚህ ጽሑፍ እንናገራለን።

ምልክቱን አለማየት የሚያመጣው ጉዳት

አንድ አባት ከጤና ጣቢያ ለታመመ ሕፃን መድኃኒት ይዞ ቢመለስ፥ ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት የሚያነብለት ብዙ ጊዜ በቤቱ ያለው ተማሪ ልጅ ነው። ልጁም እንደ ልማዱ ከላይ ይጀምራል። የሚያገኘውም ስለ መድኃኒቱ ስምና ስለ ተሠራበት ነገር ብዙ መስመር ነው፤ ይደክመዋል፤ «በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል ቃል ሲያገኝ ደስ ብሎት ያቆማል። ከዚያ በታች ግን በዕድሜና በክብደት የተከፈለ ሰንጠረዥ አለ፤ ከሰንጠረዡም አጠገብ በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የተባለው ለዐዋቂ ሊሆን ይችላል። ፊደሉን አንድም ሳይስት ያነበበ ልጅ ለወንድሙ የማይገባውን መጠን አሰጠ ማለት ነው። ልጁ የቸገረው ንባብ አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ «ሕፃናት» የሚለውን ንኡስ አርእስት መፈለግ እንደሚቻል የነገረው ሰው የለም። በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ብቻዋን የታተመችውን፥ መድኃኒቱ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት የምትናገረውን ቍጥርም እንዲያይ ያስተማረው የለም።

የመሬት ነገርም እንደዚሁ ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቈይቷል። በደብተሩ ውስጥ የባለይዞታው ስም፥ የማሳው ስፋት፥ አዋሳኞቹም በሣጥን በሣጥን ተከፍለው ይጻፋሉ። ይህን ደብተር እንደ ተረት ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ልጅ ስምና ቍጥር ሲያወርድ ይውላል። በአግድም ያለውንና በቁም ያለውን መስመር አገናኝቶ ማየት የሚያውቅ ልጅ ግን «የታችኛው ማሳ በምሥራቅ ከማን ጋር ይዋሰናል?» ተብሎ ቢጠየቅ ጣቱን በአንዲት ሣጥን ላይ ያሳርፋል። በድንበር ነገር ስንት ወንድማማች እንደ ተቈራረጠ ለአገር ሽማግሌ አይነገረውም።

አባቶቻችን በብራና ላይ ያደረጉት

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት አድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ገልጦ ያየ ግን እንዲህ አይልም። የመጽሐፉ ክፍል በሚጀምርበት ስፍራ ጸሐፊው ሐረግ ይስላል፤ ሐረጉ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ «እዚህ አዲስ ነገር ተጀመረ» የሚል ቃል ነው። የምዕራፉ መጀመሪያ መስመሮች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፤ ቍጥሩም እንዲሁ። ዘወትር የሚነበበው ክፍል ቶሎ እንዲገኝ በብራናው ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር የተሰፋበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ቄሱ በጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ ክሩን በጣቱ ዳስሶ ገጹን ይገልጣል።

ስንክሳርን እንመልከት። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በየወሩና በየቀኑ የተከፈለ ነው፤ ስለዚህ በኅዳር 12 ቀን የሚነበበውን የሚፈልግ ሰው ከመስከረም ጀምሮ አያነብም። ግብረ ሕማማትም በቀንና በሰዓት የተከፈለ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጽ የተመደበ ሲሆን እስከ 22ኛው ድረስ ያለው ስለ ቤተ ክርስቲያን፥ ከ23ኛው ጀምሮ ያለው ስለ ዓለማዊ ፍርድ ይናገራል፤ ስለ ውርስ ወይም ስለ ብድር የሚፈርድ ዳኛ በየትኛው ወገን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። የድጓውን ነገር ለቤተ ልሔም አገር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከቃሉ በላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች፥ ይዘቱ፥ ደረቱ፥ ድፋቱ፥ ጭረቱ፥ ሌሎቹም ካልተነበቡ ቃሉ ብቻውን ዜማ አይሆንም። የድጓ ተማሪ ከፊደል በላይ ያለውን ሁሉ እንዲያይ ዐይኑ የሠለጠነ ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የወንጌሉ ሰንጠረዥ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በክፍል በክፍል ቈጥሮ፥ አንዱ ወንጌላዊ የተናገረው በሌላው ዘንድ በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ የሚያሳዩ ዐሥር ሰንጠረዦች አዘጋጀ። በፊተኛው ሰንጠረዥ አራቱም የተባበሩበት፥ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሦስቱ የተባበሩበት፥ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለቱ የተባበሩበት፥ በዐሥረኛው እያንዳንዱ ብቻውን የተናገረው ተጽፏል። አጠቃቀሙንም ለካርፕያኖስ በጻፈው ደብዳቤ አስረዳ። ይህ ሥራ በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ ገብቷል፤ በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፥ ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መካከል ባለው ዘመን እንደ ተጻፉ የታወቁት፥ ይህን ሰንጠረዥ በሥዕል አምዶች መካከል ይዘውት ይገኛሉ። እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር ያለ አንባቢ በመጽሐፍ ዳር የተጻፈን ቍጥር ይዞ ወደ ሰንጠረዥ፥ ከሰንጠረዥም ወደ ሌላ ገጽ መሄድን ከተማረ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዛሬው ተማሪ የመጽሐፉን ማውጫ መግለጥ ቢያቅተው የሚያስገርመው ስለዚህ ነው።

መምህር ሆይ፥ በመንደርህ የብራና መጽሐፍ የሚያነብ ካህን ወይም ደብተራ ካለ አንድ ቀን ወደ ክፍልህ ጥራው። ስለ ሃይማኖት እንዲሰብክ አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ስፍራ አለው። ቀዩ ቀለም፥ ሐረጉና ክሩ ለምን እንደ ተደረጉ እንዲያሳያቸው ነው። የሌላ ሃይማኖት ልጆች ባሉበትም ቁርኣን የሚያነቡትን ሰው እንዲሁ መጥራት መልካም ነው፤ በዚያም የሱራው ስምና የአንቀጹ ምልክት ይታያል። ልጆች አንድ ነገር በአያቶቻቸው እጅ ሲያዩት ቶሎ ያከብሩታል።

ትምህርቱ የሚጀመርበት መንገድ

ብዙ ጊዜ የምናየው ስሕተት ይህ ነው። መምህሩ «አርእስት ማለት የጽሑፍ ራስ ነው» ብሎ በጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፤ በፈተናም ቀን ይጽፉታል፤ አሥር ነጥብም ያገኙበታል። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቢሰጣቸው አርእስቱን ዘለው ያነባሉ። የምልክቱን ስም ማወቅና በምልክቱ መጠቀም የተለያዩ ናቸው። ስሙን ዃላ ይማሩታል፤ ፊት ጥቅሙን ይቅመሱት።

ለመጀመሪያው ትምህርት መጽሐፍ አያስፈልግም። ጥቁር ሰሌዳ፥ ወይም በስፌት ተዘርግቶ በከሰልና በቀለም የተጻፈበት የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል። መምህሩ ልጆቹ ስለሚያውቁት ስፍራ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጅ። እኛ ለምሳሌ የወንዛዬን ፍል ውሃ ወስደናል፤

ወንዛዬ ፍል ውሃ

የሚገኝበት ስፍራ። የወንዛዬ ፍል ውሃ በደቡብ ጎንደር በጉማራ ወንዝ አጠገብ ይገኛል።

ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች። ብዙ ሰዎች ከሕመማቸው ለመፈወስ ተስፋ አድርገው በውሃው ለመታጠብ ይሄዳሉ።

ውሃው የሚሞቅበት ምክንያት። የዝናብ ውሃ በመሬት ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በጥልቁ ያለው ድንጋይ የጋለ ስለ ሆነ ውሃውን ያሞቀዋል። የሞቀውም ውሃ በሌላ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል።

ጥንቃቄ። ውሃው ከሚፈልቅበት ዐይን አጠገብ ሕፃናትን ብቻቸውን መተው አይገባም፤ ያቃጥላቸዋል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ያለው ሰውም ወደ ፍል ውሃ ሲሄድ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

መምህሩ ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይጻፈው። በአንደኛው ጆንያ ላይ አርእስቱንና ንኡሳን አርእስቱን አውጥቶ፥ ዐረፍተ ነገሮቹን አያይዞ እንደ አንድ ክምር ይጻፈው። በሁለተኛው ላይ ከላይ እንዳለው፥ ንኡሳን አርእስቱን በቀይ አድርጎ ይጻፈው። ክፍሉን በሁለት ወገን ከፍሎ ለአንዱ ወገን ክምሩን፥ ለሁለተኛው ወገን የተከፈለውን ያሳይ። ከዚያም «ውሃው የሚሞቀው ለምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቀዩን ያዩት ልጆች እጃቸውን ቀድመው ያነሣሉ። ሌሎቹ «የኔታ፥ እነርሱ ተጽፎላቸዋል!» ብለው ይጮኻሉ፤ በዚያች ሰዓት ትምህርቱ ገብቷቸዋል። መምህሩም «መጽሐፋችሁን ግለጡ፤ ለእናንተም ተጽፎላችኋል» ይበላቸው።

በሁለተኛው ቀን ነገሩን ይገልብጠው። አርእስቶቹን ብቻ ጽፎ ከበታቻቸው ያለውን ይሸፍንና «ከዚህ በታች ምን እናገኛለን ብላችሁ ታስባላችሁ?» ይበል። ልጆቹ ይገምታሉ። ጨርቁ ሲገለጥ ግምታቸው አንዳንዱ ይገጥማል፥ አንዳንዱ አይገጥምም። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲያነቡ የሚጠብቁት ነገር እንዲኖራቸው ያደርጋል። የሚጠብቀው ነገር የሌለው አንባቢ በገበያ መካከል ገንዘብ ሳይዝ እንደሚዞር ሰው ነው፤ ሁሉን ያያል፥ ምንም አይዞ ይመለሳል።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ራሳቸው አርእስት ይስጡ። መምህሩ አርእስት የሌለው ጽሑፍ ያነብላቸዋል፤ ስለ ገብስ አዘራር፥ ስለ ድንች አቀማመጥ፥ ስለ ንብ ቀፎ ሊሆን ይችላል፤ እነርሱም ለየክፍሉ ስም ይፈልጉለታል። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ስለ ሆነ መምህሩ አይቸኩል። አንድ ልጅ «ስለ ድንች» ቢል ልክ ነው፥ ግን ለሁሉም ክፍል የሚሆን ስም ስለ ሆነ ለማንም አይጠቅምም፤ «ድንች የሚበሰብስበት ምክንያት» ያለው ልጅ ግን አንባቢውን ረድቶታል። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው እንዲፈርዱበት ያድርግ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አርእስት ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። አርእስቱ አንድ ነገር ተስፋ ሰጥቶ ከበታቹ ሌላ ነገር የሚገኝበት ጽሑፍ አለ፤ በጋዜጣና በዛሬው የስልክ ወሬ ይህ ብዙ ነው። ሥዕሉም ከቃሉ ጋር የማይገጥምበት ጊዜ አለ። ልጅ ምልክቱን መከተል ብቻ ሳይሆን መመርመርም ይልመድ፤ «አርእስቱ የተናገረውን አገኘነውን?» የሚለው ጥያቄ ከየንባቡ በኋላ ይጠየቅ።

ማውጫና የፊደል ተራ

ማውጫ በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ይገኛል፤ እርሱን ለማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ እንኳ ቢደርስ፥ መምህሩ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ልጆቹም መጽሐፉን ከመግለጣቸው በፊት በየትኛው ገጽ እንደሚያገኙት ይናገሩ። ቍጥሩንም በሁለት ዐይነት ማወቅ አለባቸው፤ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ 24 የተባለው በአያቱ መጽሐፍ ፳፬ ነው።

የቃላት መፍቻና መዝገበ ቃላት ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ በአማርኛም የራሱ ችግር አለው። የመጀመሪያው ችግር ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ናቸው። ልጁ «ሐኪም» የሚለውን ቃል ሰምቶ በሀ ተራ ይፈልገዋል፤ አያገኘውም፤ መጽሐፉ የለውም ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ «ሀ ላይ ስታጣ ሐን፥ ኀንም እይ፤ ሰ ላይ ስታጣ ሠን፥ አ ላይ ስታጣ ዐን፥ ጸ ላይ ስታጣ ፀን እይ» የሚለው ሥርዓት በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ልጁ አንድ ስፍራ ፈልጎ ባጣ ጊዜ ተስፋ እንዳይቈርጥ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁለተኛው ችግር የተራው ዐይነት ነው። ልጆቻችን ሀ ለ ሐ መ ብለው ይማራሉ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፥ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፥ ግን የተመደበው በአ በ ገ ደ ተራ ነው፤ የደስታ ተክለ ወልድም የአማርኛ መዝገበ ቃላት፥ በ1962 ዓ.ም. የታተመው፥ ይህንኑ ተራ ይከተላል። ይህን የማያውቅ ሰው መጽሐፉን አገላብጦ አገላብጦ ተቈጥቶ ያስቀምጠዋል። ደግሞም በግዕዙ መዝገብ ቃል በሥሩ ይፈለጋል፤ «መጽሐፍ» የሚለውን የሚፈልግ በመ ሳይሆን ጸሐፈ ወዳለበት መሄድ አለበት። ለትንንሽ ልጆች ይህ ገና ነው። ለከፍተኞቹ ክፍሎችና ለመምህሩ ለራሱ ግን አስፈላጊ ስለ ሆነ ጽፈነዋል። ማናቸውንም መጽሐፍ ሲይዙ አስቀድመው ተራውን መጠየቅ እንዲለምዱ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ በመቅድሙ ላይ አለ፤ መቅድም የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሰንጠረዥና ካርታ

ሰንጠረዥን ለማስተማር የባሕረ ሐሳብን ቍጥር የሚመስል የለም፤ ሽማግሌዎችም ደስ ይላቸዋል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሦስት ቁም መስመር ከፍሎ ዓመተ ምሕረት፥ አበቅቴ፥ መጥቅዕ ብሎ ይጻፍ። ከዚያም ለ2016 ዓ.ም. አበቅቴ 20፥ መጥቅዕ 10፤ ለ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1፥ መጥቅዕ 29፤ ለ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፥ መጥቅዕ 18 ብሎ ይሙላ። መጀመሪያ «የ2017 መጥቅዕ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ልጁ አንዱን ጣት በዓመቱ ላይ፥ ሁለተኛውን በመጥቅዕ ላይ አድርጎ ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ያስኪድ። ቀጥሎ «ሁለቱን ቍጥር በየመስመሩ ደምሩ» ይበል። ሁልጊዜ 30 ይመጣል። ከዚያ በ2019 ዓ.ም. መስመር አበቅቴ 23 ብቻ ጽፎ የመጥቅዑን ሣጥን ባዶ ይተወው። ሳይነገራቸው 7 ብለው የሚሞሉ ልጆች ሰንጠረዥ ቍጥርን ከማስቀመጥ አልፎ በቍጥሮች መካከል ያለውን ዝምድና እንደሚያሳይ ተረድተዋል።

ካርታን በክፍል ውስጥ ሳይሆን በግቢው መሬት ላይ መጀመር ይሻላል። አመድ በትነው ጉናን በድንጋይ፥ ርብንና ጉማራን በገመድ፥ ጣናን በሰማያዊ ጨርቅ ያድርጉ። ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉና ልጆቹ ገመዱን በዚያው አቅጣጫ ይዘርጉት። በወረቀት ካርታ ላይ ግን ሰሜን ወደ ላይ መሆኑን ደጋግሞ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የእኛ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ መቆም የለመደ ስለ ሆነ ምሥራቅን በፊቱ ይፈልጋል። ይህ ያልተስተካከለለት ልጅ ወደፊት የማሳውን ንድፍ ሲያነብ የሰሜኑን ጎረቤት የምሥራቅ ጎረቤት ያደርገዋል።

በካርታው ግርጌ ያለው መለኪያም አይዘለል። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ያለውን በክር ለክተው በመለኪያው ቢያሰሉ ከ80 ኪሎ ሜትር ያነሰ ይመጣል። በመኪና የሄደ ሰው ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይላቸዋል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ክሩ እንደ አሞራ ይበራል፥ መንገዱ ግን በወረታ በኩል ዞሮ ይወጣል። ልጆች ይህን ክርክር ይወዱታልና ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢተውላቸው አይከፋም።

ፊደል ላልጠናላቸው ልጆች

አንዳንድ መምህራን «ልጆቹ ገና ቃል ማንበብ ሳይችሉ ስለ አርእስትና ስለ ሰንጠረዥ ማስተማር ለምን?» ይላሉ። ጭንቀታቸው እውነት ነው። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ልጆች ላይ በተደረገው የንባብ ምርመራ፥ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ብዙ ሆነው ተገኝተዋል። ፊደልን በሚገባ የማያውቅ ልጅ በአርእስት ብቻ አይድንም። ነገር ግን አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን መጀመር ግድ አይደለም። አርእስት አጭር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ነው፤ ፊደሉም ትልቅ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ የሚያስፈራው ልጅ አርእስቱን ብቻ አንብብ ቢባል ይደፍራል። የሥዕል መግለጫም እንዲሁ ነው፤ ሥዕሉ ቃሉን ይረዳዋል። ስለዚህ ደካማው ልጅ ከብርቱው ጋር ሲቀመጥ አርእስቱንና መግለጫውን እርሱ፥ ከበታቹ ያለውን ጓደኛው ያንብብ። ሁለቱም የሥራ ድርሻ ይኖራቸዋል፤ ማንም አያፍርም።

የአገር ሽማግሌዎችንም የምንለምነው አለ። ልጅ በቤት ሲያነብ «እስቲ አሰማኝ» ማለት መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን ብቻ ሰምተው «ጎበዝ» ብለው አይለፉት። «ልጄ፥ በገጹ ራስ ያለው ምን ይላል? ሥዕሉ የምን ነው? ስለ እንዲህ ያለ ነገር ብፈልግ ወዴት አገኘዋለሁ?» ይበሉት። የይዞታውን ደብተር፥ የክትባት ካርዱን፥ የማዳበሪያውን ጆንያ ጽሑፍ እየሰጡ ይጠይቁት። ንብረት ያለበትን ወረቀት ለልጅ መስጠት የሚያሳስባቸው ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ በእጃቸው ይዘው ሊያሳዩት ይችላሉ።

ስለ ፈተናው

በወሩ መጨረሻ መምህሩ ልጆቹ ከዚህ በፊት ያላዩትን አንድ ገጽ ያቅርብ፤ ከሌላ ክፍል መጽሐፍ ወይም ከጤና ጣቢያ ከተገኘ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ጮክ ብለው እንዲያነቡት አያዝዝ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው መልስ ከአርእስት፥ ሁለተኛው ከሥዕል መግለጫ፥ ሦስተኛው ከሰንጠረዥ፥ አራተኛው በሳጥን ከተከበበው ማስጠንቀቂያ የሚገኝ ይሁን። ልጁ ከመልሱ ጋር ያገኘበትንም ስፍራ ይጻፍ። መልሱን አግኝቶ ስፍራውን መናገር ያልቻለ ግማሽ ነጥብ ያግኝ። ስፍራውን በትክክል አሳይቶ ቃሉን ሲገለብጥ ፊደል የሳተ ግን አብዛኛው ነጥብ ይሰጠው፤ ፊደሉ በሌላ ቀን ይታረማል። አምስተኛ ጥያቄ ለመጨመር የሚወድ መምህር መልሱ በገጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ይጨምር፤ «እዚህ የለም» ብሎ የጻፈ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።